የት ደረስሽ?

ኔት የተለቀቀ ዕለት ካርቱም እልል ስትል ዮሳቤጥ ብቻ መሰላል ላይ እንደቆመች ደርቃ ቀረች። ነገሩ የሆነው ሪያድ ሰፈር፣ ስት ረሺዳ የሚባሉ የሱዳን ወይዘሮ ሳሎን ውስጥ ነው። እናቷ ብርቅነሽ የሰፋችውን መጋረጃ ሊሰቅሉ በጠዋት መጥተው፣ ልጅ ከላይ እናት ከታች ሆነው መንጠቆ ይቀባበሉ ነበር። አራት ሰዓት አለፍ ሲል የግቢው ዘበኛ «ኔት መጣ! ዋላሂ ኔት መጣ!» እያለ ጫማውን ሳያደርግ ወደ በረንዳው ሮጠ። ከአምስት ሳምንት በኋላ! የዘበኛው ስልክ ጮኸ፣ የስት ረሺዳ ጮኸ፣ መንገድ ላይ ራክሻ የሚባሉት ባጃጆች ጥሩምባ ነፉ፣ ከጎረቤት ቪላ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው። የዮሳቤጥ ስልክ የነበረው እናቷ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ደግሞ የእምነ በረድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስልኩ ቦርሳውን ያንዘፈዝፈው ጀመር። ቦርሳው እየተንፏቀቀ ጠርዝ ላይ ደርሶ ሊወድቅ ሲል ብርቅነሽ ቀለበችውና «ኧረ ይኼ ነገር ነፍስ ዘራ!» ብላ ሳቀች። ቀና ስትል ልጇ አልሳቀችም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በትንሽ በትልቁ የሚሳቅበት ዕድሜ፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል። «ማማ፣ አትክፈቺው» አለች በቀስታ።

እንግዲህ ያ አምስት ሳምንት ለከተማው መከራ ነበር። ኔቱ የተቆረጠው ግንቦት ማለቂያ ላይ ጦር ሠፈሩ ደጃፍ ሰልፍ የተቀመጡት ወጣቶች በተገደሉ ጊዜ ነው፤ ብርቅነሽም ከዴም ሰፈር የሱዳን እናቶች ጋር መሬት ላይ ቁጭ ብላ አልቅሳለች። በራሷ ቤት ግን ሌላ ነገር ይሆን ነበር፣ ለሰው ለመናገር የምታፍርበት። ልጇ መብላት ጀመረች። ከፋሲካ ወዲህ ሰውነቷ አልቆ፣ መዝሙር ጥናት ትታ፣ አረንጓዴ ቀሚሷን ሣጥን ውስጥ ቀብራ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትበረግገው ልጅ፣ ኔት በጠፋ በሳምንቱ «ሽሮው አለቀ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። በሁለተኛው ሳምንት ዕቃ እያጠበች አዜመች። በሦስተኛው የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብላ ጠርዝ ማጠፍ ተማረች፤ በአራተኛው ቀሚሱን አውጥታ ለበሰችው። ብርቅነሽ ቀደም ብላ «ልጄን መልስልኝ» ብላ ለመድኃኔዓለም ጃንጥላ ተስላ ነበርና፣ ስለቴ ሰመረ ብላ የጃንጥላ ዋጋ ስታጠያይቅ ከረመች። ይኼንን ከኔት መቆረጥ ጋር ማን ያገናኘዋል!

ስልኩን መክፈት አላስፈለጋትም። ከቦርሳው ስታወጣው መልእክቱ ራሱ በመስታወቱ ላይ እየተደራረበ ያልፋል። የት ነሽ? ማን አለ አጠገብሽ? ለምን አትመልሺም? አይተሽ ነው ዝም ያልሽው፣ አይደል? ላኪው ግሩም ነው።

ግሩም ማለት የሰፈሩ ዓይን ነው። እዚያው ዴም ስልክ ጥገና ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ሃያ ያልሞላው፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ከወንበሩ የሚነሣ፣ «እትዬ ብርቅነሽ፣ ዘንቢሉን ልያዝልዎት» የሚል ልጅ። ዴም ውስጥ አበሻ ሆኖ መኖር ደግሞ «የት ደረስሽ?» እየተባባሉ መኖር ነው። ከሻ አለ፤ ፖሊስ መኪና አምጥቶ ወረቀት የሌለውን ከመንገድ የሚያፍስበት። ስለዚህ ከቤት የወጣ ሁሉ ሲደርስ ይደውላል፣ ያልደወለ ይፈለጋል። መንገዱ አፍ ላይ ሻይ የምትሸጠው ጽጌ የፖሊስ መኪና ካየች አንድ ጊዜ አስጠርታ ትዘጋለች፤ ሴቶቹም እየተቀባበሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ በሩን ይዘጋል። ሰልፉና አስለቃሽ ጭሱ ሲጀመር ግሩም «ደረስን» የሚል የዋትሳፕ ቡድን ከፍቶ ሁሉንም አስገባ። ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ እሱ ያውቃል። እንዲህ ያለው ልጅ ከኅዳር ጀምሮ ዮሳቤጥን ወዶ በየሰዓቱ «የት ደረሰች?» ቢል ብርቅነሽ ምን ትበል? «አባቷ እንኳ እንዲህ አያስብላትም» አለች። አባቷ ዘርይሁን በአገሩ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፤ ዛሬ ማንሺያ ሰፈር ቪላ ይጠብቃል፣ የሚመጣውም ዓርብ ዓርብ ነው። ለዒድ ግሩም ገዳሪፍ አጎቱ ዘንድ ሄዶ እዚያው ሲቆይ፣ የዮሳቤጥ ስልክ ማይኩ ተበላሽቶ ድምፅ አያሰማምና፣ በየማታው የሚደውለው ለብርቅነሽ ነበር። እሷም ደስ እያላት የቀኑን ውሎ ሁሉ ትዘከዝክለታለች። ትናንት ማታ ጭራሽ «ነገ እመጣለሁ» ሲላት «በል ቀጥታ ወደ እኛ ና፣ ራት እዚህ ነህ» አለችው።

አሁን ያ የራሷ ወሬ በመስታወቱ ላይ ይመለስባት ጀመር። «ዛሬ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሰሽ ከባለሱቁ ጋር ስትሳሳቂ ነበር። አያውቅም ብለሽ ነው? እናትሽ ሁሉን ትነግረኛለች። የትም ብትገቢ ትነግረኛለች። ስመጣ እንተያያለን።» ብርቅነሽ ደግማ አነበበችው። አረንጓዴውን ቀሚስ የነገረችው እሷ ናት፤ ልጄ ደስ ብሏታል ለማለት፣ እሱም ደስ እንዲለው። መልእክቶቹ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። ገዳሪፍም ኔት አልነበረም። እንደማይደርሷት እያወቀ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ጽፎ፣ ለምን አልመለስሽም ብሎ ተቆጥቷል። የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ሰባት መቶ ጊዜ የሚሳደብ ሰው ብታይ «ምስኪን፣ ያመዋል» ትል ነበር፤ ለዚህኛው ግን ራት ጠርታለች። «ወይኔ ጉዴ!» አለች ብርቅነሽ። «ሥጋ ለጅብ አደራ ሰጥቻለሁ!»

ስት ረሺዳ ጡረታ የወጡ የሴቶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። ወደ ሳሎን ሲመለሱ መጋረጃው ባንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ፣ እናት ስልክ ይዛ፣ ልጅ መሰላሉን ጨብጣ አገኟቸው። ብርቅነሽ በዐረብኛ ነገረቻቸው። እያፈረች፣ መጨረሻ ላይም «ምናልባት ስለሚወዳት ይሆናል» የምትል ጭራ ጨምራ። ስት ረሺዳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ ኡኽቲ» አሉ፣ እኅቴ ማለታቸው ነው፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ስም ጠርቻለሁ። ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ስል ኖሬአለሁ። አንድም ቀን ግን ተማሪዎቼን ይኼ ፍቅር ነው ብያቸው አላውቅም።» ከዚያ ቀና ብለው ዮሳቤጥን እያዩ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ማዕለሽ፣ አይዞሽ ልጄ። ውረጂና ውሃ ጠጪ» አሏት። ወረደች፣ ጠጣች። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ተመልሳ ወጥታ የቀረውን መንጠቆ ሁሉ ሰቅላ ጨረሰች። መጋረጃውስ አምሮ ነበር።

ለወትሮው ብርቅነሽ ከራክሻ ነጂ ጋር በዋጋ ሳትጨቃጨቅ አትሳፈርም። ዛሬ መቶ ጊኔ ሲላት እሺ ብላ ገባች፤ ነጂው ራሱ ደነገጠ፣ ሁለት መቶ ባልኩ ሳይል አልቀረም። ከሪያድ እስከ ዴም በግራም በቀኝም ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ነጂውም ባንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው የአምስት ሳምንት ቪዲዮ ይጎረጉራል። እናትና ልጅ ከኋላ ተቀምጠዋል። ብርቅነሽ ደግሞ ዝምታ አይሆንላትም፤ ቲማቲም ኪሎው ሰማንያ መግባቱን አወራች፣ ዝናቡ ዘንድሮ መዘግየቱን አወራች፣ ከዚያ ወሬ አለቀባት። መጨረሻ ላይ «ያ ማይክ» አለች፣ «ከራክሻ ላይ ወደቀብኝ ያልሽው?»

«ግድግዳ ላይ ወርውሮት ነው» አለች ዮሳቤጥ ወደ መንገዱ እያየች። «መዝሙር ጥናት ሄጄ ፎቶ ሳልልክለት ዘገየሁ። በኋላ አንተ ስልክ ሠሪ አይደለህ፣ ሥራልኝ ስለው፣ ለምን አለኝ። በድምፅ ትዋሺኛለሽ፣ ፎቶ ይሻላል አለኝ። እጄንም ጠምዝዞኝ ያውቃል። ሁለቴ። አሁን ድኗል።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?»

«ለአንቺ የነገርኩሽን አንቺ ለእሱ ትነግሪዋለሽ።»

ያለ ቁጣ ነው ያለችው፤ የሐፍላ፣ የሚኒባስ፣ ዋጋ እንደምትናገር ያህል። ብርቅነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አፏ ላይ የመጣው ብዙ ነበር፤ እገለዋለሁ፣ አባትሽን እጠራለሁ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ሁሉንም ዋጠችውና ልጇን በአሥራ ሰባት ዓመት ጠይቃት የማታውቀውን ጠየቀቻት። «ምን ላድርግልሽ?»

ዮሳቤጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት። ትንሽ አሰበች። «አትጩሂ። ባባንም ዛሬ አትጥሪው። እኔ ራሴ ኸላስ፣ በቃ እለዋለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ ብቻዬን አልችልም። እና የት እንዳለሁ ከእንግዲህ አትንገሪው።» ከዚያ ልክ እንደ ልጅነቷ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

ጽጌ ዘንድ ሲወርዱ ብርቅነሽ «ልንገራት?» ብላ ልጇን በዓይኗ ጠየቀች፤ ልጅቱም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጽጌ ሰምታ ብርጭቆ ማጠቡን ተወችው። «ቆይ ቆይ ቆይ! አንቺንም ይጠይቅሽ ነበር? እኔን እኮ ‹ጽጌዬ፣ ከአንቺ በቀር የማምነው ሰው የለም፣ በዚህ ስታልፍ ብቻ ንገሪኝ› ብሎኝ ነው!» ጎረቤታቸው ጦይባ ከዳቦ ሰልፍ ተጠራች። እሷንም እንደዚያው። መዝሙር የምታስጠናው ወሰንየለሽ በስልክ ተጠየቀች፤ «እንዴ! እኔን ብቻ መስሎኝ!» ብላ ጮኸች። ለአንዲት ቀጫጫ ልጅ አራት ሰላይ ተመድቦላት ኖሯል፣ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ያውም እያንዳንዳቸው የቤተሰብ ምሥጢር የጠበቁ መስሏቸው። ጽጌ ሳቅ አመለጣት፣ ጦይባን አጋባባት፣ ከዚያ ሁለቱም በንዴት ዝም አሉ። «አሁን የት ነው ያለው?» አለች ጽጌ። መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ። «እንግዲያው እኛስ ለምን አናስብለትም?» አለችና ያሰበችውን ተናገረች፤ ወዲያው ግን ወደ ዮሳቤጥ ዞራ «አንቺን ደስ ካላለሽ ግን ይቅር» አለቻት። ከጠዋት ጀምሮ ጥርሷ ያልታየው ልጅ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ፎቶም ጠይቁት» አለች።

በስድስት ሰዓት ጀመሩ። ቀዳሚዋ ብርቅነሽ ናት፣ ድምፅዋ ማር። «የት ደረስክ የኔ ልጅ?» አለችው፤ እሱም ደስ ብሎት «መንገድ ላይ ነኝ፣ እትዬ ብርቅነሽ» አለ። በአሥር ደቂቃው ጽጌ ደወለች፣ በሩብ ሰዓቱ ጦይባ። አጠገብህ ማን ተቀምጧል? ወንድ ነው ሴት? ታውቃታለህ? እስቲ ፎቶ ላክ፣ ኔቱ ተለቋል እኮ። አንድ ጊዜ ላከ። ይኼማ የዛሬ አይመስልም፣ ሌላ ላክ። ወድ መደኒ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ፉል ሊበላ ሲቀመጥ ወሰንየለሽ «ቅድም ስደውል ተይዟል፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው። ስልኩን ሲዘጋ ቆይተው አራቱም በተራ «ለምን ዘጋህ?» አሉት። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ብርቅነሽ ቤት ምስሩ ተጥዷል፣ የሐዋርያት ጾም ነውና ሥጋ የለም፤ ደበርጃኑ በለውዝ ቅቤ ይለወሳል፣ ዮሳቤጥ ድንች ትልጣለች፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ መሀል ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በኋላ ግን ቢላውን አስቀመጠችና «ልክ እንደዚህ ነው። ቃል በቃል» አለች። ሴቶቹም ሳቃቸውን አቆሙ። ጦይባ ተነሥታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠችና ድንቹን አብራት ትልጥ ጀመር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የብርቅነሽ ስልክ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተዘጋ፤ ያ የከሻ ምልክት ነው፣ ጽጌ ናት። ግሩም ከመንገዱ አፍ ገብቷል። ጽጌም ሻይዋን ለሰው ሰጥታ ከኋላው መጣች። የብርቅነሽ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ባንድ ወገን የስፌት መኪናው፣ ባንድ ወገን በገመድ የተጠለፉ ሁለት አልጋዎች፣ መስኮቱ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ማቀዝቀዣ። አልጋዎቹ ላይ ብርቅነሽና ልጇ፣ ፊት ለፊታቸው ጦይባና ወሰንየለሽ ተቀምጠዋል። ግሩም በላብ ተጠምቆ፣ የገዳሪፍ ሰሊጥ ጣፋጭ በላስቲክ አንጠልጥሎ ገባ። ሰላምታ መስጠቱን እንኳ ረሳ።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ዛሬ ምን ነካችሁ? ሠላሳ አንድ ጊዜ ተደወለልኝ! አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ። የት ደረስክ፣ ማን አለ፣ ፎቶ ላክ! እኔ እስረኛ ነኝ እንዴ?»

ዮሳቤጥ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር፤ ስትይዘው ቀዝቃዛ የነበረ እጇ አሁን ሞቋል። ካርቱም ያደገች ልጅ ናትና ሲጨንቃት አማርኛዋ ዐረብኛ ይቀላቀልበታል፤ በዚያ ሰዓት ግን አንዲት ቃል አልተቀላቀለባትም። «ለአምስት ሰዓት ብቻ ነው የደወሉልህ» አለች። «አምስት ሰዓት አልቻልክም። እኔ ስምንት ወር ችያለሁ።»

ግሩም አንድ ወዳጅ ፊት ፍለጋ ክፍሉን ዞሮ አየ። «እትዬ ብርቅነሽ፣ ለእሷ ብዬ እኮ ነው። ከሻ እያለ…»

«ከሻ የሚጠይቀን ወረቀት ነው» አለች ብርቅነሽ። «እሱ እንኳ አጠገባችሁ ማን አለ ብሎን አያውቅም።»

«በቃ፣ ግሩም» አለች ዮሳቤጥ። «አልፈልግም። አትጻፍልኝ። መንገድ ላይ አትጠብቀኝ። ስለ እኔም ማንንም አትጠይቅ።» አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሲራመድ አራቱም ሴቶች ባንድ ጊዜ ተነሡ። እሱም ቆመ፣ ፊቱ ቀላ፣ ያን ጊዜ በእውነት ልጅ መሰለ። ብርቅነሽ ልታዝንለት ምንም አልቀራት፤ አዘነችም፣ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «አንተም ሰው አለህ» አለችው። «ዓርብ ዘርይሁን ሲመጣ ገዳሪፍ ደውለን ከአጎትህ ጋር እንነጋገራለን። ይኼ ነገር ካልታረመ ነገ በሌላዋ ልጅ ላይ ነው የምትደግመው። ‹ደረስን›ን ግን አሁኑኑ ለጽጌ አስረክብ።» ጽጌ ስልኳን ዘርግታ ጠበቀችው። አስረከበ። ሰሊጡን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ጽጌም ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ፣ ወደ ማደሪያው የሚሄደው ሐፍላ ላይ እስኪሳፈር ድረስ ከኋላው ሄዳ አይታ ተመለሰች።

ራቱ ለአንድ እንግዳ የተሠራ ነበር፣ አምስት ሴቶች ጠራርገው በሉት። ስለ ግሩም ብዙም አልተወራ፤ የተወራው ስለ ማይኩ ነው፣ ነገ ሌላ ሱቅ እንዲሠራ። ጽጌ «ጃንጥላውስ? ልጅቱን የመለሰልሽ ኔቱን የቆረጠው አይደል!» ብላ ስትቀልድ ብርቅነሽ «እርሱ በምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ጃንጥላው ይገባል፣ ያውም ባለወርቅ ዘርፉ» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዮሳቤጥ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ «ከሶፍያ ጋር ጁስ ቤት ደርሰን እንምጣ» አለች፤ ሶፍያ የጽጌ ልጅ ናት። ብርቅነሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዛሬውኑ? በዚህ ሰዓት? «ሂዱ» አለች።

ከዚያ የስት ረሺዳን የመኝታ ቤት መጋረጃ ይዛ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀመጠች። እጇ ወደ ስልኩ ሄደ፣ መለሰችው። ደግሞ ሄደ። ስልኩን ጨርቁ ሥር ከተተችውና መኪናውን ረገጠች። ስፌቱ ጠመመ። ፈታችው፤ እንደገና ጠመመ። ከሃያ ዓመት በላይ «የት ደረስሽ?» ስትልና ስትባል የኖረች ሴት ናት፣ ልማድ ደግሞ ባንድ ቀን አይለቅም። ለሦስተኛ ጊዜ እየፈታች ሳለ ጨርቁ ሥር ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ከዮሳቤጥ ነው፣ ፎቶ የለውም። «ደርሰናል ማማ። ማንጎው አሪፍ ነው። ላምጣልሽ?»

ማንም አልጠየቃትም ነበር። ብርቅነሽ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በአንድ ጣቷ «ከማን ጋር» ብላ ጀመረች፣ ቆም አለች፣ አንድ በአንድ ፊደሉን አጠፋችው። ከዚያ «አምጪልኝ» ብላ ላከች።